ወንበሩን መልሱት

ሰው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲሄድ የሚያምርበት ሕፃን ሲሆንና ሙሽራ ሲሆን ነው። እኔ ግን ስልሳን ተሻግሬ፣ ሕፃንም ሙሽራም ሳልሆን፣ የጎረቤት ወንዶች በነጭ የፕላስቲክ ወንበር ከአራተኛ ፎቅ ሲያወርዱኝና ሲያወጡኝ ከርሜአለሁ። ሁለቱ ከኋላ፣ ሁለቱ ከፊት ይይዙኛል። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ወንበሩ ዘመም ይላል፣ አንዱ «ቀስ!» ይላል፣ ሌላው «ያዝኩ፣ ያዝኩ» ይላል፣ እኔ ደግሞ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ በሆዴ እጨርሳለሁ። ዛሬ የማጫውታችሁ እኔና ያ ወንበር የተለያየንበትን ቅዳሜ ነው።

ሐሊማ እባላለሁ። መገናኛ አካባቢ የመጋረጃ ጨርቅ ስሸጥ፣ ቆሜ ስለካና ስቀድ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ባለቤቴ ሁሴን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እየጫነ የሚያወርድ ሹፌር ነበር። የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሲወጣልን፣ ከሲ.ኤም.ሲ አለፍ ብሎ፣ አራተኛ ፎቅ ሆነብን። ሊፍት የለውም። ወዳጆቹ «አይ ዕድል!» ብለው ሲያዝኑለት እሱ ቀለሙ ገና ያልደረቀ መኝታ ቤት ገብቶ መስኮቱን ከፈተና «ሐሊማ፣ ነይ እይ! እንጦጦን ከነዛፉ ሰጥተውናል» አለኝ። ከሞተ በኋላም ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ የማየው ያንኑ ተራራ ነው። ደመና ሲለብስ አያለሁ፣ ሲገለጥ አያለሁ። ቤቱን የምወደው አንድም ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያቴ ማርታ ናት። ማርታ ግራውንድ ላይ፣ መግቢያው በር አጠገብ ነው የምትኖረው። በቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች መዘምራን ውስጥ ዋና ድምፅ ናት፤ ስትስቅ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። እሷ ጴንጤ፣ እኔ ሙስሊም፤ ሥጋ ባንካፈልም ሌላውን ሁሉ ስንካፈል ኖረናል። ከእሷ ጋር ተጣልቼ ያደርኩበት ቀን የለም፤ ተጣልቼ የዋልኩበት ግን ብዙ ነው።

ቀኝ ጉልበቴ የጀመረኝ ደረጃ ስወርድ ነበር። ቀጥሎ ስወጣም ያመኝ ጀመር፤ ቀጥሎ ዝም ብዬ ስቀመጥም። ሐኪም ቤት ራጅ ተነሳሁ፤ መገጣጠሚያው ተበልቷል አሉኝ። የሰጡኝ ኪኒን ጨጓራዬን አነደደው። ቅባቱን ተቀባሁ፣ ሙቅ ውሃ ያዝኩበት፣ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሶላት ነው። መስገጃዬን ዘርግቼ ወደ መሬት መውረድ አቃተኝና ወንበር ላይ ሆኜ መስገድ ጀመርኩ። ግንባሬ ምንጣፍ መንካት ካቆመ ሰነባበተ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ፣ ስንት ሌሊት አልቅሼበታለሁ።

ጎረቤቶቼ ደግ ናቸው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ላይ ላማቸው ነውና። ጉልበቴን እንዳመመኝ ከሰሙ ጀምሮ ዳቦ የሚያመጣልኝ ሌላ፣ ቆሻሻ የሚጥልልኝ ሌላ፣ ውሃው ወደ ላይ አልወጣ ሲል በጀሪካን የሚያመላልስልኝ ሌላ ሆነ። ብድግ ልል ስል «እትዬ ሐሊማ፣ ኧረ በሞቴ አይነሱ!» ብለው መልሰው ያስቀምጡኛል። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ቆሞ እያለ ተቀምጦ የሚያይ ባለጌ ነው፤ ትልቅ ሰው ሊነሳ ሲል ቀድሞ የሚነሳ ደግሞ የተመረቀ ነው። እኔም ቤቱን ሁሉ እየመረቅኩ ተቀመጥኩ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባል የለ፤ እኔንም እንደዚያ ወሰደኝ።

አንድ ቀን ሲያወርዱኝ ከፊት የያዘው ሰውዬ እግሩ ተንሸራተተና ወንበሩ ከነእኔ ግድግዳው ላይ ተጋጨ። አልወደቅኩም። ልጄ ፉአድ ግን ከኋላ ሆኖ አይቶ ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ፉአድ አንድ ልጄ ነው፤ ባንክ ነው የሚሠራው፣ ትዳር ይዞ ሌላ ሰፈር ይኖራል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ሆነ ወሬው፤ ቤቱን በግራውንድ ቤት እንለውጠው። ፈልጎም አገኘ። ጀሞ ግራውንድ ላይ የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ሚስትየዋ ወደ እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት ተዛውራ እዚህ ቤት ይፈልጋሉ።

«ጀሞ ላይ ማንን አውቄ?» አልኩት።

«ትለምጃለሽ እማ።»

«ተራራዬስ?»

«እማ፣ ተራራ ብለሽ ከደረጃ ልትወድቂ ነው?»

«ደረጃውን በእግሬ ከወጣሁስ?»

ሳቅ አለ፤ የሚያሳዝን ሳቅ። «በእግርሽ ከወጣሽማ ማን ይነካሻል» አለኝ። ለማባበል ያለው ነው። እኔ ግን ቃል አድርጌ ያዝኩት።

ያን ሰሞን ነው ማርታ ወሬ ይዛ የመጣችው። አብራት የምትዘምር ሴት ወገቧን በኦዞን ታክማ ቀሎላታል፤ መገናኛ አካባቢ ነው። «ነገ እንሄዳለን፤ እምቢ ካልሽ ራሴ ተሸክሜሽ እወርዳለሁ» አለችኝ። ማርታ ስትሸከመኝ ሳስበው ወንበሩ ተሻለኝ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጉልበቴን ስታጥፈው፣ ስትዘረጋው፣ ራጁን ስታየው ቆየችና «እናቴ፣ ከሚያደርጉት ጋር የምንጨምረው ኦዞን የሚባል ሕክምና አለ» አለችኝ።

«ኦዞን ማለት ያ ሰማይ ላይ ተቀደደ እያሉ በዜና የሚያወሩት አይደለም?»

«እሱው ነው።»

«ታዲያ መጀመሪያ ሰማዩን አትሰፉትም?»

ሳቀች። ከዚያ ጥግ ላይ ያለ ትንሽ ማሽን እያሳየችኝ በቀስታ አስረዳችኝ። ኦክስጅኑ በማሽኑ ሲያልፍ ጥቂቱ ኦዞን ይሆናል፤ ድብልቁ በመርፌ ተስቦ ጉልበት ውስጥ ይገባል። ቶሎ ወደነበረበት ስለሚመለስ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም፤ እዚያው ተሠርቶ እዚያው ይወጋል። ሳንባ ስለሚጎዳ ደግሞ አይተነፈስም።

«ያድነኛል?» አልኳት ቁርጡን።

«የተበላውን አይመልስልዎትም። ሕመሙን ሊያቀልልዎት ይችላል። የሚቀልላቸው አሉ፤ ምንም ያልለወጠላቸውም አሉ። ጥናቱም ገና ያለቀለት ነገር አይደለም፤ ልዋሽዎት አልፈልግም። ቢቀልልዎትም ለጊዜው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ጡንቻዎን ካላጠነከሩበት ምንም አላደረግንም።»

ነጋዴ ነኝና የዕቃውን ጉድለት ቀድሞ የሚናገር ሻጭ አምናለሁ። ቀጥላ የሁለቱን ጭኖቼን መጠን በመለኪያ አየች፤ ቀኙ ከግራው ከስቷል።

«ቤት ውስጥ ማን ያግዝዎታል?» አለችኝ።

በኩራት ዘረዘርኩላት። ዳቦውን፣ ውሃውን፣ ወንበሩን። ከጎረቤት በላይ ዘመድ የለኝም አልኳት።

ሐኪሟ እስክጨርስ ሰማችኝና «አይቀየሙኝ እንጂ እናቴ» አለች፣ «ጉልበትዎን ያመመው ዕድሜና ሥራ ነው። እግርዎን የገደለው ግን ጎረቤትዎ ነው።»

ማርታ ከጎኔ ሆና «ኢየሱስ!» አለች፤ ዳቦ ከሚያመጡልኝ ዋናዋ እሷ ናት።

መርፌው ራሱ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። ጉልበቴን በመድኃኒት ጠረገችው፣ አደነዘዘችው፣ ከዚያ ያ አየር ሲገባ ጉልበቴ ውስጥ ሰው የተቀመጠ ያህል ግጥም ብሎ ሞላ። አቃጠለኝ። ጥቂት ቆይቶ ለቀቀኝ። የዚያን ቀን አርፌ ዋልኩ። በየሳምንቱ እየተመላለስኩ፣ ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ሌሊት ሳልነቃ ነጋልኝ። ጠዋት ማርታ ስትመጣ «ተኛሁ!» አልኳት። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኔና እሷ ግን ተቃቅፈን ጮህን።

ከዚያ ስፖርቱ መጣ። የስፖርቱ ባለሙያ ብሩክ የሚባል፣ ሲያዩት የዋህ፣ ሲያሠራ ግን ርኅራኄ የሌለው ልጅ ነው። ቤት ውስጥ የጨው ከረጢት ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስሬ እግሬን ወደ ላይ አነሳለሁ። ከወንበር እጄን ሳልደገፍ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ክሊኒኩ ውስጥ ባለች የእንጨት ደረጃ ላይ ደግሞ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። የደረጃን ሕግ ያስተማረኝም እሱ ነው። «እናቴ፣ ደህናው እግር ጻድቅ ነው፤ የታመመው ኃጢአተኛ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ጻድቁ ይቀድማል፤ ወደ ታች ሲወርዱ ኃጢአተኛው ይቀድማል። ይኸው ነው» አለኝ።

ማርታ ይህን ስትሰማ ሙሉ ስብከት ሆነላት። እኔ ግን ተቸገርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቀኝ ጀምሪ፣ በቀኝ ብዪ፣ በቀኝ ግቢ እየተባልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሁን በስተርጅና ቀኙ ኃጢአተኛ፣ ግራው ጻድቅ ሆነ። ብሩክ በቁጣ ዓይን እያየኝ «ግራ! ግራ ይቅደም!» ይለኛል፤ እግሬ ግን እንደ አሮጌ በቅሎ የለመደውን ነው የሚያውቀው።

ሰፈር ውስጥ ደረጃ እንደምለማመድ ከማርታ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ለመውረድ ያው በወንበር ነው፤ ለመውጣትም ያው። ገና ደረጃው ጫፍ ስደርስ ደግነታቸው ይቀድመኛል፤ ለመሞከር እንኳን ፋታ አይሰጡኝም።

እንዲህ እያለ ያ ቅዳሜ መጣ። ባልና ሚስቱ ከሰዓት ቤቱን አይተው ሊስማሙ ነበር ቀጠሮው። እኔ ጠዋት ብሩክ ዘንድ ሄድኩ። ሲሸኘኝ «ከዛሬ ጀምሮ ቤትዎ ደረጃ ላይ አንድ ፎቅ ይሞክሩ። አንድ ብቻ። ካመመዎት ይቁሙ» አለኝ። ማርታ በታክሲው ውስጥ «አንድ ብቻ ነው ያለሽ» እያለች ደጋገመችልኝ። ታውቀኛለቻ።

ስንደርስ ፉአድ መግቢያው ላይ ቆሟል። ከጎኑ ባልና ሚስቱ። ባልየው አንገቱን ቀልብሶ ፎቁን ያያል፤ ሚስትየዋ ተረከዙ ረጅም ጫማ አድርጋለች፣ መልካም ፊት ያላት ሴት ናት።

«እማ፣ ቀደም ብለው መጡ» አለኝ ፉአድ። «ቤቱን አይተው ዛሬውኑ መጨረስ ይፈልጋሉ።» ወዲያው ወደ ግቢው ዞሮ «ወንበሩን አምጡልኝ!» ብሎ ተጣራ።

ወንዶቹ ከያሉበት መጡ። ወንበሩ የማርታ ነው፤ ከደጇ አንስተው ፊቴ አስቀመጡት። አየሁት። መቀመጫው የኔን ቅርፅ ይዞ የቀረ መሰለኝ። እዚያ ላይ ተቀምጬ ብወጣ፣ እነዚህ ሰዎች መኝታ ቤቴን ይለካሉ፣ መስኮቴን ይከፍታሉ፣ ፉአድ ይፈርማል። 

«ወንበሩን መልሱት» አልኩ።

«ምን አልሽ እማ?»

«በእግሬ ነው የምወጣው። ያልከኝን አልረሳህም መቼም።»

ፉአድ እንግዶቹን አየት አደረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እማ፣ በአላህ፣ እንግዳ ፊት አታስጨንቂኝ።»

«ገለል በል ልጄ።»

የብረቱን መደገፊያ ያዝኩ። «ቢስሚላህ» አልኩ። እግሬ ታዲያ ቢስሚላህ ሲሰማ የሚያውቀውን አደረገ፤ ቀኙ ቀደመ። ሰውነቴን ሳሳርፍበት ጉልበቴን እንደ ምስማር ወጋኝና ወደነበርኩበት ተመለስኩ። ወንዶቹ «አይ እትዬ!» ብለው ተንደረደሩ፣ አንዱ ብብቴን ሊይዝ ደረሰ።

«ማንም እንዳይነካት!» ብላ ማርታ ጮኸች። ያ ድምፅ ለመዝሙር ብቻ እንዳልተሰጣት ያን ቀን አወቅኩ። «ሐሊሜ! ጻድቁ! ጻድቁን አስቀድሚው እንጂ!»

ሰዎቹ ተያዩ፤ አበደች ሳይሉ አይቀሩም። እኔ ግን ግራዬን አነሳሁ። ወጣ። ኃጢአተኛውን አስከተልኩ። ወጣ። እንደገና ግራ፣ እንደገና ቀኝ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ደረስኩ። ዞር ስል ፉአድ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ከእሱ ኋላ ባልና ሚስቱ፣ ከእነሱ ኋላ ወንዶቹ፣ ለሚሆነው ሁሉ ብለው ወንበሩን እንደያዙ ተከትለውኛል።

አንደኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቴ በር ከፍታ ወጣች። ስታየኝ ደረቷን መታች። «ውይ እትዬ ሐሊማ! ማን ነው እንደዚህ የፈረደብዎት?» ብላ በርጩማ ይዛ መጣች።

«አልቀመጥም እህቴ።»

«ኧረ በሞቴ!»

«በሞትሽ አይሆንም፤ በሕይወትሽ አሳልፊኝ» አልኳት። የብሩክ አንድ ፎቅ እዚህ ላይ አልቋል። ማርታ ከታች «በቃ! አንድ ነው ያለሽ!» ትላለች። ቆሜ ተነፈስኩ። ጉልበቴን ሰማሁት፤ ያመኛል፣ ግን የድሮው ሕመም አይደለም። የድሮው ሕመም ሰውነቴን ሁሉ ነበር የሚያዘው። ይሄኛው ጉልበቴ ላይ ብቻ ነው ያለው። ቀጠልኩ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋቢያቸውን ደርበው ብቅ አሉ። «ጎሽ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እንቁላል ጉልበት የለውማ!» አልኳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ እግሬ ቀለለኝ። ከየቤቱ ሰው እየወጣ መጣ። ሁሉም ሊያግዘኝ ይፈልጋል፣ እጁን ዘርግቶ ይቀርበኛል፣ ፉአድ ደግሞ ለማን እንደሚከላከል ግራ ገብቶት አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን ያያል።

ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ግን ቀልዱ አለቀ። ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች በመደገፊያው በኩል ተደርድረዋል፤ ብረቱን ለቅቄ ማለፍ ነበረብኝ። ግራዬን አነሳሁ። ቀኜ ብቻውን ቀረና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያ የድሮው ፍርሃት፣ ያ ወንበሩ ግድግዳውን ሲመታው የተሰማኝ፣ እግሬን ያዘው። እግሬን መልሼ አሳረፍኩት።

«እማ» አለ ፉአድ ከኋላዬ። «በቃ። አይቻለሁ። እስከዚህ መውጣትሽ ራሱ ተአምር ነው። አሁን ተቀመጪ፤ ቀሪውን እነሱ ይዘውሽ ይወጣሉ።»

«ቤቱስ?» አልኩት።

ዝም አለ።

«ዝም ካልክማ አልበቃም።»

በዚህ መሃል ከኋላችን ወንበሩ መሬት ሲነካ ሰማንና ዞርን። ያች ተረከዘ ረጅሟ ሚስትየዋ ናት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ከወንዶቹ ወንበሩን ተቀብላ፣ መሐል ደረጃው ላይ ዘጭ ብላለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ይቅርታ» አለች፣ «ለትንሽ ደቂቃ ነው። እኔ የምለው… ሊፍት ይገጠምለታል አልተባለም እንዴ?»

ወንበሬ ሰው አገኘ! ሳቄ ከሆዴ መጣ። ፍርሃትና ሳቅ አብረው አይቆሙም፤ እግሬ ተፈታ። ጀሪካኖቹን በክርኔ ገፋ አደረግኩ፣ ጻድቁን አነሳሁ፣ ኃጢአተኛው ተንቀጠቀጠ፣ ግን ያዘኝ። ወላሂ ያዘኝ! ያ የጨው ከረጢት፣ ያ የብሩክ ቁጣ፣ ያ ጉልበቴን የሞላው አየር፣ ሁሉም እዚያች ደረጃ ላይ አብረውኝ የቆሙ መሰለኝ። ቀሪውን ማንንም ሳላይ ወጣሁት።

የቤቴ በር ፊት ስቆም ቁልፉን ለፉአድ ሰጠሁትና ከፈተልኝ። ሊቀድመኝ ሲል በእጄ ያዝኩት። ደረጃው አልቋል፤ የብሩክ ሕግ እዚህ አይሠራም። «ቢስሚላህ» ብዬ በቀኝ እግሬ ገባሁ። ያ ኃጢአተኛ፣ ሁሉን ደረጃ ኋላ ኋላ ሲጎተት የመጣው፣ ቤቴ የገባው ቀድሞ ነው።

ታች ድረስ እልልታ ሆነ። ማርታ ትዘምራለች፣ የአንደኛ ፎቋ ታለቅሳለች፣ ጋሼ ያጨበጭባሉ። ፉአድ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አጠገቡ ቆምኩ፤ ቆምኩ ነው የምላችሁ፣ ልጄ ተቀምጦ እኔ ቆሜ።

«እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው እኮ እማ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ቤቱ አይነካም» አለ። ቀና ብሎ እንግዶቹን አያቸውና ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር ሚስትየዋ ቀደመችው። «ኧረ እኛም ትተነዋል! በየቀኑ ይህን ልወጣ?» አለች። ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው፤ በመስኮቱ ተራራውን አሳየኋቸው። «ያምራል» አለ ባልየው። «አዎ፣ ዋጋ አለው» አልኩት።

ሲሄዱ የአሱር ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር። በሬን ዘጋሁ። ትራስ ከጉልበቴ ስር አድርጌ፣ የአልጋውን ጠርዝ ይዤ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ግንባሬ መስገጃውን ነካ። እዚያው ቆየሁ። ምን እንዳልኩ አልነግራችሁም፤ መስገጃው ግን ረጥቦ ነበር።

በማግሥቱ ጉልበቴ አብጦ ሐኪሟ ቁጣዋን አወረደችብኝ፤ አንድ ፎቅ ስባል አራት በመውጣቴ ልክ ናት። ስለዚህ የምታነቡኝ ሁሉ፣ እንደኔ ውጡ አላልኩም። ሐሊማ በኦዞን ዳነች ብላችሁም እንዳታወሩ። አብራኝ ከምትታከም ሴት ጋር አንድ ቀን ነበር የጀመርነው፤ እሷ ምንም አልለወጠልኝም ብላ ትታዋለች። ለእኔ ሕመሙን አቀለለልኝ፤ በቀለለኝ ጊዜ እግሬን ሠራሁበት። ጉልበቴ ዛሬም የተበላ ጉልበት ነው፤ ሲበርድ ይነግረኛል። ሐኪም ጠይቁ፣ ጉድለቱን ሳይደብቅ የሚነግራችሁን ሐኪም። ከምንም በላይ ግን የምትወዱትን ሽማግሌ «አይነሱ» ከማለታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ። እናቴን አከበርኩ ብላችሁ እግሯን እንዳትቀብሩት። እኔ ዛሬ ዳቦዬን ራሴ ነው የምገዛው፤ ደስ ባለኝ ቀን ደግሞ ፉአድ በመኪና እንጦጦ ማርያም ድረስ ያወጣኝና ሁሴን ዛፍ ይጭንበት በነበረው መንገድ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሰሞኑን ማርታ ግራ ጉልበቴን ቆረጠመኝ ማለት ጀምራለች። ሐኪሟ አይታት «መርፌ አያስፈልግዎትም፤ መንቀሳቀስ ነው መድኃኒትዎ» ብላታለች። ማርታ ግን በነጩ ወንበሯ ደጇ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን መላክ ለምዳለች። ትናንት እኔንም «ሐሊሜ፣ ስትመለሺ ዳቦ ያዢልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት። ደጇን አልፌ፣ ደረጃዬን ወጥቼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩትና በመስኮት ተጣራሁ።

«ማርታ! ዳቦሽ እዚህ ነው!»

«አውርጂልኝ እንጂ!»

«ጉልበቴን ያመኛል!»

የሰደበችኝን አልጽፈውም፤ ዘማሪ ናት። ትንሽ ቆይቶ ግን ደረጃው ላይ ድምፅ ሰማሁ። በየደረጃው «ኢየሱስ» ትላለች። ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ በር ተከፈተ፤ «ውይ እትዬ ማርታ! እኛን አይልኩንም? ቆይ ወንበር…» የሚል ድምፅ መጣ።

«ወንበሩን መልሱት!» አለች ማርታ።

ሻዩን ጣድኩ።